አረንጓዴው ስለት

«ይሄ ድምፅ ምንድነው?» አለች የሟቹ እህት፣ የቡና ስኒውን ወደ ከንፈሯ ሳታደርስ።

ከጎረቤት በተሰበሰቡ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ድምፁ ከጓሮ ነው። ሽው ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ሽው ይላል፤ ሰው በሸካራ ነገር ወለል የሚፈገፍግ ይመስላል። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ሽማግሌ ጎረቤት ቀድሞ ለየው። ስንት ዓመት ከአጥር ማዶ ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው።

«የሱ ሥራ ነው እኮ» አለ። ከዚያ ያመለጠው ቃል አሳፍሮት ዓይኑን ወደ ስኒው ሰበረ። የሥራው ባለቤት የተቀበረው ትናንት ነበር።

የሟቹ ሚስት ከሶፋው ሳትነሳ፣ «ልጄ ናት፤ ወርክሾፕ ገብታ ነው» አለች።

«ዛሬ?» የልጅቷ አክስት አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል አለች። ሹክሹክታዋ በሩ ድረስ ይሰማል። «አባቷን ትናንት ቀብራ ዛሬ ድንጋይ ትፍቃለች። ወንድሜ ምን እንዳስተማራት እንጃ።»

አባቷ ያስተማራትማ ድንጋይ መፋቅ ነበር። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የደረጃ ድንጋይ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ የመቃብር ጽሑፍ፣ የመጣለትን ሁሉ ሲሠራ ኖረ። ሰፈሩ «ጋሽ ቀስ» ይለዋል፤ ዕቃ የሚያወርድ ሰው፣ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ፣ ሻይ የሚቀዳ እጅ ሲያይ «ቀስ» ሳይል አያልፍም። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ አንድ ሰውዬ ስሙን «ቄስ» ብሎ ሰምቶ «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብሎት ያውቃል። እሱም ሰውየው እንዳያፍር ብሎ ባርኮ ሸኘው።

ልጁን የሚጠራት «ምክትል» ብሎ ነው። በልጅነቷ ቦርሳዋን ጥላ ወደ ወርክሾፑ ስለምትሮጥ ያወጣላት ስም ነበር። አድጋ፣ የራሷን ደንበኞች ይዛ፣ «ዋናዋ የምሆነው መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ቦታው ሲለቀቅ» ይላት ነበር።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ስኒውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ድሮ እሱም እዚሁ ወርክሾፕ ከወንድሙ ጋር ይሠራ ነበር፤ ኋላ ማሽን ገዝቶ የወለል ንጣፍ ሱቅ ከፈተ። ከበሩ ላይ ቆሞ አያት። ምክትል በሥራው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳለች። ከፊቷ ባለ ዝርግ ትሪ ላይ ሰም ረግቷል፤ ሰሙ ውስጥ ጣት የምታህል አረንጓዴ ስባሪ ተቀብራ ፊቷ ብቻ ይታያል። ምክትል ውኃ ጠብ ታደርግባትና በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃታለች።

«እዚያ ቤት ሰው ሞልቷል» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ይቺን ልጨርስና እመጣለሁ።»

«ምንድነች?»

«ከተሰበሩት አንዷ ናት።»

የተሰበሩትን ያውቃቸዋል። ወንድሙ ሊያገባ ባለበት ሰሞን ነው የተጀመረው። ድንጋይ ከሚወጣበት ቦታ አንዲት አረንጓዴ ፍንካች አግኝቶ ወደ ፀሐይ ሲያነሳት ጠርዟ እንደ ወይን ፍሬ በራ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አበደ ማለት ይቻላል። «ከዚህ ድንጋይ የኬካችንን መቁረጫ እሠራልሻለሁ» አላት እጮኛውን። «እጀታውም ስለቱም አንድ ድንጋይ። ስለቱ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ።» ሠርጉ ሊደርስ ሲል ቢላው ወገቡ ላይ ቀጭ አለ። ኬኩ በወጥ ቤት ቢላ ተቆረጠ። ሙሽራው ግን ሲስቅ ነው የዋለው፤ «ለሚቀጥለው ሠርጋችን» እያለ።

ከዚያ በኋላ የተሰበረውን የቆጠረ የለም። ሌላ ሥራ ሲያልቅ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናብ ሰው ሲያስቀር፣ ቢላው ላይ ይቀመጣል። ስለቱ መሳሳት ሲጀምር ይሰበራል። እሱም ስባሪዎቹን አቧራቸውን ጠርጎ፣ «አንድ ነገር አወቅን» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን ታክቶት፣ «ድንጋይ እንደ ወረቀት አይሳሳም፤ ተወው» አለው። ወንድሙ አልተቆጣም። ስለ ቢላው ግን ዳግመኛ አንስቶለት አያውቅም።

«አባዬ ሁልጊዜ ጫፍና ጫፏን በብረት ማጥበቂያው፣ በሞርሳው፣ ነበር የሚያስራት» አለች ምክትል፣ ፍቂያውን ሳታቋርጥ። «ስትሳሳ መሐሏ አየር ላይ ይቀራል። ስንጫናት ትሰበራለች። አልጋ ላይ ሆኖ ወገቡን ሲያመው ከራሱ እስከ እግሩ ትራስ ደረደርንለት አይደል? ‹አሁን ተመቸኝ› አለ። ያኔ ነው ሰም ውስጥ ማስተኛቱ የመጣልኝ። ልነግረው ዞር ስል እንቅልፍ ወስዶታል። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት።»

ጠዋት አልነቃም።

ትሪውን ጥግ ካለው ምድጃ አጠገብ አድርጋ ሰሙን አላላችና ስባሪዋን በሁለት ጣቷ አወጣቻት። በጨርቅ ጠርጋ ወደ መስኮቱ አነሳቻት። የከሰዓቱ ፀሐይ በሳሳው ድንጋይ ውስጥ አልፎ አረንጓዴ ነጥብ ጉንጯ ላይ ጣለ።

አጎቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ዋናይቱንስ?» አለ።

ዋናይቱ፣ ሟቹ ያልጨረሳት ቢላ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። እጀታዋ እንደተጠቀለለ ቅጠል ተጠርቦ አልቋል፤ ስለቷ ቅርጽ ይዛለች እንጂ ገና ወፍራም ናት፣ ሽቅብ ቁልቁል በተፋቀችበት ጭረት ተሸፍናለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ድንጋይ ሌላ አልተገኘም።

«እጨርሳታለሁ» አለች ምክትል።

ማታ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ቢላዋን ከጨርቁ አውጥታ በጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ጭረቶቹን በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

«ይሄ የማን ጭረት ነው?»

«የአባዬ።»

«ስታለሰልሽው የት ይሄዳል?»

ምክትል ጎንበስ ብላ ጭረቶቹን አየቻቸው። በዚያ በኩል አስባው አታውቅም።

«ልብሱን አጥቤዋለሁ፤ ጠረኑ ሄደ» አለች እናቷ። «የቀረኝ ይሄ ነው። እጁ እንደተወው ይቀመጥ።»

ምክትል «እሺ እማዬ» አለች። ቢላዋን መልሳ ጠቀለለቻት። ከዚያ በኋላ ወርክሾፑን አልረገጠችም። ቡና ታቀርባለች፣ ስኒ ትሰበስባለች፣ «ያጥናሽ» ሲሏት ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። አክስቷም፣ «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ ለሁሉም ነገረች።

በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መጣ። ወፍራም፣ ሲቀመጥ ወንበር የሚያስጮህ ሰው ነው። ዝምታ አይወድም፤ ወሬ ጀመረ።

«እኔ ቤት ያለችውን የዕብነ በረድ ባንኮኒ ታውቋታላችሁ አይደል? የሱ ሥራ ናት። ሠርቶ፣ ገጥሞ፣ ተሰናብቶኝ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በሽተኛ መሐል ገብቶ ከባንኮኒው ሥር ተንጋለለ። ‹ምነው ጋሽ ቀስ፣ ታመምክ?› አልኩት። ‹ከሥር በኩል አንድ ጭረት ረስቻለሁ› አለኝ። ‹ማን ያየዋል እዚያ ገብቶ?› ብለው፣ ‹እኔ እያየሁት ነው፣ ቤቴ ሆኜ› አይለኝ መሰላችሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሟቹም ሚስት ሳቀች፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቋ ሳያልቅ ተነሳች። ምክትል ስኒ ስታጥብ በነበረችበት ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች።

«ጭረቱን እንዳለ ብንተወው ደስ አይለውም» አለች። «አብረሽኝ ነይ።»

ወርክሾፑ ውስጥ አጎቷም ተከትሏቸው ገባ። ሰሙን አቀለጡ፤ ቢላዋን ጀርባዋ በሙሉ እንዲያርፍ አድርገው አስተኟት፤ እስኪረጋ ጠበቁ። ምክትል ውኃውን ጠብ አድርጋ የብርጭቆ ወረቀቱን ስታነሳ እናቷ እጇን ያዘቻት።

«መጀመሪያ እኔ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አንዴ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳበችው። ቀና ብላ አየችው፤ ደግሞ ሳበችው። ሦስቱም ጭረቱ ሲጠፋ አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ለልጇ ሰጥታ፣ «አጥፊው» አለች። «አንድም እንዳታስቀሪ።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት የለቅሶ ቀናት የፍቂያው ድምፅ ሳሎን ድረስ ሲሰማ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ድምፁ ሲቆም ነበር ሰው ስኒውን ይዞ የሚያዳምጠው። አክስቷ ሳትቀር በጓሮ በር ብቅ ትልና፣ «ከምን ደረሰች?» ትላለች።

አስቸጋሪው ቦታ መሐል ላይ ነበር። አንድ ነጭ መስመር ስለቱን ያቋርጠዋል፤ ሟቹም የፈራው እሱን ነው፣ ዙሪያውን ወፍራም አድርጎ ትቶታል። እዚያ ስትደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ሽውታው ወደ ሲጥሲጥታ ሄደ። አጎቷ እጇን ያዘ።

«በቃ። እዚህ ላይ ተይው። ያምራል እኮ እንዲህም።»

«ጋሼ፣ ልቀቀኝ።»

«ብትሰበርስ?»

«ብትሰበር አንድ ነገር እናውቃለን» አለች። የራሷ ድምፅ አባቷን መስሎ ተሰማት፤ ግን አልደነገጠችም። አቅጣጫዋን ቀይራ መስመሩን ተከትላ፣ ሳትጫን፣ የእጇን ክብደት ብቻ እየለቀቀች ፈቀፈቀችው። አጎቷ ትሪው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ያዘ። ግንባሩ አልቦታል። ቀስ በቀስ ሲጥሲጥታው ጠፋና ሽውታው ተመለሰ። ያን ጊዜ አጎቷ የያዘውን ትንፋሽ ለቆ፣ ትሪውን ግን ሳይለቅ፣ «ሳሳ» አለ። «ድንጋይ ሳሳ፣ ወንድሜ። አፌን ቆረጥከው።»

በቆዳና በማለስለሻ ዱቄት እያሹ አንጸባረቋት። ከሰሙ ስትወጣ ሙሉ ነበረች።

ምክትል እጇን ሳትታጠብ ይዛት ወደ ሳሎን ገባች። ሽማግሌው ጎረቤት መጋረጃውን ገለጠና ቢላዋን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሳት፤ ብርሃኑ በስለቱ አልፎ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ፣ ነጩ መስመር መሐሉ ላይ እንደ ክር ታየ። አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ያዘችው። የሟቹ ሚስት ግን፣ «በይ እንጂ» አለቻት፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። አክስቷ እያለቀሰች፣ «የወንድሜ ልጅ ናት» ትል ነበር፣ የማያውቅ ያለ ይመስል።

ቢላዋ በየተራ ዞረች። ሰው ሁሉ እጀታዋን ወደሚቀበለው እያዞረ፣ ስለቷን ወደ ራሱ እያደረገ ያቀብላል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ገልብጦ ከሥር በኩል ጭረት ፈለገ፤ አጣ። ዞራ ዞራ እናትዬዋ ዘንድ ደረሰች። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ስለቱን በዓይኗ ትክክል አድርጋ በውስጡ ክፍሉን አየችበት፣ ሰዎቹን አየችበት፣ ልጇን አየችበት። ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ።

ከዚያም እንደሌላው ሁሉ እጀታውን አዙራ በግራዋ በኩል አቀበለች።

በግራዋ ሰው አልነበረም። ሶፋው ላይ የባሏ ቦታ ነው፤ ለቀስተኛው በሙሉ ሳይነጋገር ትቶት ነበር። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ምክትል ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጠችና ቢላዋን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ተቀበለች።