ሲዘንብ እመልስልሃለሁ

ሣህሉ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ከደብረ ብርሃን ወደ አሰብ ሲመደብ፣ እናቱ ጉልበት የሚያልፍ የጎማ ካፖርትና ቦቲ ጫማ አስያዙት። «የሰው አገር ዝናብ አይታመንም» ብለው። ሣህሉ የአሰብን ደረቅነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ የሚያስተምር ሰው ነው። ቢሆንም የእናት ቃል ከካርታ ይበልጣል አለና ተሸክሞት መጣ። ካፖርቱም ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሌባ እየመሰለ ሲያስደነግጥ ኖረ።

አሰብ ላይ ዝናብ ወሬ ነው። ልብስ ሰፊው «ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «ሲዘንብ» ይላል። ስኳር መቼ እንደሚታደል ቀበሌውን የጠየቀም ሰው የሚያገኘው ያንኑ ነው። «አይሆንም» ብሎ ፊት ከማጥቆር «ሲዘንብ» ብሎ መሣቅ የከተማው ጨዋነት ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ፣ ሉና ፓርክ የሚሉት የመጫወቻ ዕቃ በመርከብ መጣ። የሚጭነው ካሚዮን ጠፍቶ ወደቡ ላይ ተገተረ። የእንጨት ፈረሶቹ ሳጥን ውስጥ ጥርሳቸውን አግጥጠው ከሚከርሙ ሰፊው ሕዝብ ይዝናናባቸው ተባለና ባሕሩ ዳር ይተከሉ ጀመር። «እሑድ ይከፈታል» ሲል የቀበሌው ማይክራፎን ለፈፈ።

ሣህሉ ይህን ሲሰማ ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። እዚያ ብርቅዬ አለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ኦፕሬተር። እናቱ ስልክ እንደሌላቸው እያወቀ «ደብረ ብርሃን አገናኚኝ» እያለ መስመር አልያዝ ሲል አብሯት መተከዝ ልማዱ ነበር። ሰሞኑን ግን እሷን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከኮምቦልቻ ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ስለደረሰው፣ የሆዱን ካልተናገረ አለቀለት።

«እሑድ ፈረስ ላይ ልጋብዝሽ» አላት።

«ምነው፣ ደብረ ብርሃን ዛሬ አልተፈለገም?» ብላ ሣቀችና «እሺ» አለች።

አሁን የሣህሉን ሌላ ጉድ ማውራት ግድ ነው። ከተማሪዎቹ ጥቂት የአፋር ቃላት ለቃቅሞ ቋንቋውን የቻለ መስሎት ነበር። ውሃ «ሌ» ነው፣ ፀሐይ «አይሮ» ነው፣ ዝናብ «ሮብ» ነው። የአፋር ልጅ የሆነውን የስፖርት መምህሩን ያዮን «ከዛሬ ጀምሮ በአፋርኛ ካልሆነ እንዳታናግረኝ» ብሎ አስምሎታል። ያዮ የሉና ፓርኩ ኮሚቴ አባልም ነው። ዓርብ ዕለት ኳሶቹን በከረጢት ተሸክሞ ሲሮጥ ሣህሉ ከሩቅ ጮኸበት።

«ያዮ! የእሑዱ ነገር እንዴት ነው?»

«ሮብ ነው!» አለ ያዮ ሳይቆም። «ሮብ! ለሁሉም ንገር!»

ሣህሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከባሕሩ በላይ የበግ ጭራ የምታህል ደመና ነበረች። ለእሱ በቃችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቦቲውን ተጫምቶ፣ ለብርቅዬ ደግሞ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ፀሐይዋ እንደ ወትሮዋ ናት። ለስላሳ የምትሸጠው ሐኪማ ከሱቋ ደጃፍ ሆና አስተዋለችውና፣

«ጋሽ ሣህሉ፣ ከጣርማ በር ብርድ አሁን ወረዱ እንዴ?» አለችው።

«ትስቂያለሽ፤ ኋላ ታለቅሻለሽ» አላት፣ እንደ ነቢይ።

ሜዳው ሲደርስ ዝናቡ በእርግጥ ጥሎ ነበር፤ ከካፖርቱ በታች። ቦቲው በእርምጃው ቁጥር ዷ ዷ ይላል። ብርቅዬ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ትጠብቀዋለች።

«ውይ! ወባ ያዘህ?»

«ደኅና ነኝ። ሮብ ይመጣል ብሎኛል ያዮ።»

«ሮብማ መምጣቱ መቼ ይቀራል» አለች ግራ ገብቷት፣ «ከማክሰኞ ቀጥሎ!»

የበሩ ዘበኛ ወልደየሱስ ጣልቃ ገቡ። «ጓድ መምህር፣ አልሰሙም? ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ መክፈቻው ለሮብ ተዛወረ። ዓርብ ለሁሉም ተነግሯል እኮ፤ ስልክ ቤት ብቻ ሳይደርስ ቀረ መሰለኝ።»

ሣህሉ እዚያው ቀለጠ፤ የቀረውም ቢሆን ጥቂት ነበር። ያዮ መሐላውን ረስቶ በአማርኛ አናግሮታል። በአማርኛ! የገዛ ቋንቋው ከዳው። ነገሩን ሲያስረዳት ብርቅዬ ሣቅ ጉልበቷን ነሥቷት ፈረስ የመጣበት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ካፖርቱንም ገፍፋ በክንዷ ላይ ጣለችው።

«ይህን ለብሰህ ስትመለስ መንገድ ላይ ትሞትብኛለህ። እኔ ጋ ይቆይ።»

«መቼ ትመልሺልኛለሽ?»

«ሲዘንብ እመልስልሃለሁ» ብላ ሄደች።

ሲዘንብ! የልብስ ሰፊው ቃል፣ የስኳሩ ቃል። ሣህሉ ትርጉሙን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ለሰው መሣቂያ የሆነ ወንድ ከኮምቦልቻ ሽማግሌ ጋር አይወዳደርም ብሎ ቆረጠ፤ ማክሰኞም ስልክ ቤቱን በሌላ መንገድ ዞሮ አለፈው።

ሮብ ዕለት ሜዳው በሰው ሞላ። ሣህሉ ቤት መቀመጡ ሽንፈት እንዳይመስልበት ብቻ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። ባለ ፈረሱ ካሮሴል መዞር እንደ ጀመረ፣ ማንም ሳይጠራው ዝናቡ መጣ። ዝናብ ሲባል መቼም እንደ አሰብ ዝናብ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆን በግ እንኳ ቀና ብሎ አያየውም። አሰብ ግን ጉድ አለ። ገሚሱ ሸሸ፣ ገሚሱ አፉን ወደ ላይ ከፈተ። ያዮ ጄኔሬተሩን በሸራ እየሸፈነ፣

«ሣህሉ! ሮብ!» ብሎ ጮኸ።

«የትኛው?» አለ ሣህሉ፣ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተለጥፎ።

ያን ጊዜ በዋናው መንገድ፣ ከሐኪማ ሱቅ ፊት ለፊት፣ የሣህሉ ካፖርት በራሱ እግር ሲመጣ ታየ። እጅጌው ጣት አያሳይም፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ከተማው ከእሑድ ጀምሮ ያንን ካፖርት ከነባለቤቱ ያውቀዋልና፣ በረንዳ ላይ የተጠለለው ሁሉ ዝናቡን ትቶ እሱን ያይ ጀመር። «የመምህሩ አይደለም እንዴ?» «ነው እንጂ!» ብርቅዬ ይህን ሁሉ እየሰማች፣ ቸኩላም አፍራም ሳትሆን፣ ከተማውን አቋርጣ መጣች።

«ሲዘንብ ብዬህ አልነበር?» አለችው።

ሣህሉ ካፖርቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። የጂኦግራፊ ሰው ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም።

እጁን መታ አደረገችው። «እመልሳለሁ አልኩ እንጂ፣ ባዶውን እመልሳለሁ አልኩ?»

ፈረስ ላይ ወጡ። ጥቂት ከዞሩ በኋላ ሣህሉ፣ «እነዚያ የኮምቦልቻ ሽማግሌዎች ግን … መቼ ይምጡ ልትያቸው ነው?» አላት።

ብርቅዬ ያንኑ የከተማውን መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች፤ ጠብታ ምላሷ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ሰማይ አይታ ተወችው።

«ለእነሱስ ሌላ ቃል እንፈልግላቸው» አለች።