ባቡር ያልመጣበት ሜዳ

«በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«መቼ፣ ጌታዬ?»

«አንተ ብቻ መንገዱን ክፍት አድርገህ ጠብቅ።»

ልጅ ሆኜ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ የሰማሁት ይህን ነው። አንደኛው የባቡር መንገድ ቀያሽ ነበር፤ ሌላው ጎረቤታችን ጋሽ ገሠሠ። ሌላም ብዙ ተባብለዋል፣ ዝናቡ ዋጠው። ቀያሾቹ ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ አቅጣጫ ችካል ተክለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ባቡሩም አልመጣም።

ጋሽ ገሠሠ ግን ጠበቁ። በዚያ ሜዳ ማንም እንዲያርስ፣ ማንም እንዲሠራ አልፈቀዱም። ሜዳውን የምናቋርጥ ሁሉ ቆም ብለን ግራ ቀኝ ማየት ለመድን። ሠርገኛ ዘፈኑን ያቆማል። ቀብረተኛ እንኳ ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን አንስተው «አልፏል፣ ተሻገሩ!» እስኪሉ አይንቀሳቀስም። ሆሞሻ ገበያ የሚነግደው ሀይደር «ወላሂ፣ ባቡር የማይገጨው የዚህ ሰፈር ሰው ብቻ ነው!» እያለ ያሾፋል። እሱም ግን ሳይቆም ተሻግሮ አያውቅም።

የባለቤታቸው የእትዬ የሺሀረግ ቀብር ዕለት የጋሽ ገሠሠ እጅ አልነሳ አለ። ሣጥኑን ተሸክመን ቆምን። ነፋስ ሳይኖር የሜዳው ሣር ወደ አንድ ወገን ተኛ፤ መሬቱ ከእግራችን ሥር ነዘረ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ ማንም አላነሳም።

ዘንድሮ የጋሽ ገሠሠን ልጅ የእየሩስን ጎጆ ምስጥ ጨረሰው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ውሃው ከታች እየመነጨ ጨቅላ ልጇን አቅፋ ቁጭ ብላ ታድራለች። ሕፃኑ ሳል ያዘው። በአካባቢው ደረቅ መሬት ያ ሜዳ ብቻ ነውና እዚያ ጎጆ ልሥራ ብላ አባቷን ለመነች።

«አባዬ፣ ልጄ ይሙትብኝ?»

«ባቡሩ ቢመጣስ?»

«የቱ ባቡር!»

ተስፋ ስትቆርጥ እኔ ጋ መጣች። «እርስዎን ይሰሙዎታል» አለችኝ። ከቅዳሴ መልስ እየሄድኩ ከሜዳው ዳር አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። አንድ እሁድ ራሳቸው ነገሩን አነሱት።

«የቀብሯ ዕለት ባቡሩ ቆሞላት ነበር። የሺን አሳፍሯት ሄደ። እኛ የቀበርነው ሣጥን ነው። መንገዱን ከዘጋሁባት በምን ትመለሳለች?»

«ጋሽዬ፣ ብትመለስ የት ነው የምታርፈው?» አልኳቸው።

«የት ትሄዳለች? ልጇ ቤት ነዋ።»

ይህን ብለው ወደ ሜዳው ዞሩ። ሣሩ ተኛ። ሁለታችንም ብድግ ብለን ጠበቅን፤ ሣሩ ቀስ እያለ ቀና እስኪል ድረስ። ጋሽ ገሠሠ እጃቸውን አነሱ።

«ንገራት» አሉኝ። «ችካሉን እኔው እነቅላለሁ። ቤቱ ግን ሁለት በር ይኑረው፤ አንዱ በአሶሳ፣ አንዱ በሆሞሻ በኩል፣ ፊት ለፊት። ሲመሽ ሁለቱንም ትክፈት።»

እየሩስ ስነግራት ሳቋ መጣ። ወዲያው ሕፃኑ ማሳሉን ትቶ፣ አንገቱን ወደ ሜዳው አዙሮ፣ የሚያልፍ ነገር እንደሚከተል ሁሉ በዓይኑ ሲሸኝ አየችው።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «እከፍታለሁ።»