መቆም ወይስ መቀመጥ

ሐኪሙ የዘኪያን ግራ እግር በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲያጥፈው ዳሌዋ ውስጥ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ። ዘኪያ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ባሏ ይማም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"በቃ፣ ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ጨረሰ" አለ ግርማጽዮን።

ግርማጽዮን የሆስፒታሉ ድሬሰር ነው። በጣልያን ጊዜ ቋንቋውን ስለተማረ ማስተርጎሙም የእሱ ሥራ ሆኗል። ሐኪሙ ራሱ ጣልያን ነው፤ ወታደሩ ተሸንፎ ሲወጣ እሱ መቀሌ ቀረ፤ ይኸው በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረትም የመንግሥት ደመወዝ እየበላ ያክማል።

ሐኪሙ እግሯን በቀስታ አወረደና ራጂውን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ግርማጽዮን ራሱን እየነቀነቀ ሰማና ወደ ባልና ሚስቱ ዞረ።

"መገጣጠሚያው ሞቷል ነው የሚለው። ዓጥንቱ ተፈጭቷል። በውጭ አገር ለእንዲህ ያለው የብረት ቆብ ማልበስ ጀምረዋል አሉ፤ እዚህ ግን ብረቱም የለም፣ የሚያለብሰውም የለም። እሱ የሚችለው ሁለቱን ዓጥንት አጋጥሞ አንድ ማድረግ ነው። ሕመሙ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ግን እግሩ ከዳሌው ላይ አይንቀሳቀስም።"

"እስከ መቼ?" አለ ይማም።

"እስከ ዕለተ ሞት።"

ግርማጽዮን ቀጠለ፦

"እንግዲህ እናንተ የምትመርጡት አለ። ቀጥ ብሎ ይጋጠም ወይስ ታጥፎ? ቀጥ ካለ ትቆማለች፣ ትራመዳለች፣ ትሸከማለች። መቀመጥ ግን የለም፤ ወይ መቆም ነው ወይ መተኛት። ከታጠፈ እንደ ሰው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስትነሳ ግን ያ እግር መሬት አይደርስላትም። በምርኩዝ ነው፤ እሱም ሩቅ አይደለም።"

"መሃል ላይ ቢሆንስ?" አለች ዘኪያ። ክፍሉ ውስጥ ከገባች ወዲህ ገና መናገሯ ነበር።

ግርማጽዮን ለሐኪሙ አስተረጎመለት። ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ የደስታ ፈገግታ ግን አልነበረም።

"መሃሉን ሞክሮታል። ለመቀመጥም ለመሄድም የማይሆን እግር ሰጠኸኝ ብለው የረገሙት ሰዎች አሉ። አንዱን ምረጡ ይላል። ሥራዋ ምንድን ነው?"

ግርማጽዮን ይህን ሲጠይቅ ዓይኑ ያረፈው ይማም ላይ ነበር።

"ቤት ውስጥ ናት" አለ ይማም። "ቀጥ ይበልላት።"

ዘኪያ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ስምንት ዓመት ሙሉ እዳጋ ሰኑይ ገበያ ተቀምጣ ጨው ሸጣለች። ግመል ያመጣውን አሞሌ ከነጋዴ እየተረከበች፣ በትንሽ መጋዝ እየቆረጠች ትቸረችራለች። ከወሎ፣ ከሐርቡ ሲመጡ እሱ የሰው ጭነት የተሸከመ ዕለት በልተው ያልተሸከመ ዕለት ጾም ያድሩ ነበር፤ ቤታቸው ቤት የሆነው በእሷ ጨው ነው። አሁን ያስታውሰዋል፣ አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሐኪሙ ካርዱ ላይ አንዲት ቃል ጻፈና ቀዶ ጥገናው ከነገ ወዲያ መሆኑን አስታወቀ።

ይማም አዝሏት ወደ ሴቶቹ ክፍል ወሰዳት። ክፉ ሰው አልነበረም። ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በወያነ አመፅ ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ገበያውን ሲደበድቡ፣ የሚሸሸው ሕዝብ እሷን ከነመደቧ ረግጧት ሲያልፍ፣ ከሬሳና ከተሰበረ ገንቦ መሃል ፈልጎ ያወጣት እሱ ነው። ወጌሻው ዳሌዋን ሲጎትት ትከሻዋን ጨምቆ የያዛት እሱ ነው። ወጌሻው የጎተተው ዳሌ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይማም ይህን ከተማ አይወድም።

አልጋው ላይ አስተኝቷት እግሯን በነጠላው ሸፈነና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

"ቀጥ ማለቱ ይሻልሻል" አለ። "ስትቆሚ ማንም ልብ አይልም። ረዘም ያለ ቀሚስ ለብሰሽ እንደ ሰው ትሄጃለሽ።"

"ጨው ቆሞ ይሸጣል?"

"አብሽሪ፤ ጨው ይደርሳል።"

"ይማም፣ አሞሌ ተቀምጠህ በጉልበትህ ካልያዝከው አይቆረጥም።"

"መጀመሪያ ዳኝ" አለና ትራሷን አስተካከለላት። ይህን ሲያደርግ ዓይኗን አላያትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዙሀራ ሽሮ በጉርድ ጣሳ ይዛ መጣች። ዙሀራ የወረኢሉ ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች በእንጨት ለቀማ ታሳድጋለች። ገና ከበሩ እንባዋ ይወርድ ነበር።

"አላህ ያሽርሽ እህቴ። አላህ እንደ ልብሽ ያድርግልሽ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም።"

"ምን አገኘሽ?"

"ቦታሽን ነዋ። ይማም ትናንት ማታ መጥቶ፣ እኛ ወደ አገራችን ልንገባ ነው፣ የዘኪያን መደብ አንቺ ያዢው አለኝ። መጋዙንም ሰጠኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ ዋልኩ ልል ነው፤ ልጆቼን እዚያው ትቼ ነው የመጣሁት።" ከዚያ የዘኪያን ፊት አይታ ድምፅዋ ወረደ። "አልነገረሽም እንዴ?"

ዘኪያ ጣሳውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትኩስ ነበር፤ ሙቀቱ እስኪያቃጥላት ድረስ አላነሳችውም።

"ነግሮኛል" አለች። "መቼ ነው ያለሽ መንገዱ?"

"ከጀሶው ስትወጪ። የወንድሙ መሬት ባለቤት አጥቶ የለ? ለማሽላው እደርሳለሁ ነው የሚለው።"

የይማም ወንድም የሞተው ከሁለት ወር በፊት ነው። መርዶው በካሚዮን ሾፌር መጣላቸው፤ ዘኪያ ከእሱ እኩል አልቅሳለች። ስለ መሬቱ ግን አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ ወይም ተነስቶ ነበር፣ ከእሷ ጋር አልነበረም።

ዙሀራ ከሄደች በኋላ ዘኪያ ሽሮውን ሳትቀምስ ለጎረቤቷ አልጋ ሰጠችው። ሐርቡን አሰበች። ያማቷን ቤት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የሚጀመረውን ወፍጮ፣ ከወንዙ እስከ ጉብታው ያለውን ቀጥ ያለ አቀበት፣ እንስራውን። እዚያ ስም አልነበራትም፤ የይማም ሚስት ነበረች፤ ልጅ ሳትወልድ ሦስት ዓመት ሲያልፍ ያንንም በቅሬታ ነበር የሚጠሯት። እዚህ ግን ጨው የሚያመጡት የአርሆ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ግመላቸውን አስቆመው "ዘኪያ ኣላ ዶ?" ብለው መኖሯን ይጠይቃሉ። የማይታጠፍ፣ ተቀመጪ የማይሉት እግር ለየትኛው ቤት እንደሚጠቅም አሁን ገባት።

ይማም አመሻሹ ላይ ወተት ይዞ መጣ። ሳትጠጣ ጠየቀችው።

"ቦታዬን ለዙሀራ ሰጠሃት?"

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

"ከጀሶው ስትወጪ ልነግርሽ ነበር።"

"እግሬ ከደረቀ በኋላ።"

"ምን ልበልሽ? ይህ ከተማ ምን አደረገልሽ? ጨው ብለሽ ተቀምጠሽ አይደል የተረገጥሽው? እዚያ ቤት አለን። መሬት አለን። እናቴ ዓይኗ ፈዟል፤ የሚፈጭላት የለ፣ ውሃ የሚቀዳላት የለ።"

"ስለዚህ ነው ቀጥ ማለት ያለብኝ።"

"ሰው የሚቆመው ለሥራ ነው።"

"እኔ ለሥራ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ይህን ማለት አቃተህ።"

ይማም በእጁ ግንባሩን አሸ። እጁ ከቆዳ ጭነት የተረፈ ሽታ ነበረው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ።

"ዘጠኝ ዓመት የሰው ጭነት ስሸከም ኖርኩ። እዚህ 'ኣንታ ወሎየ፣ ና ተሸከም' ነው ስሜ። አሁን የራሴ መሬት ሲጠራኝ፣ ታጥፋ የቀረች ሴት አዝዬ ልግባ? አገሩ ምን ይለኛል? ቆመሽ ግን ትገቢያለሽ።"

የተናገረው ውሸት አልነበረም። ዘኪያን የከፋት ውሸት አለመሆኑ ነው።

"አንድ ቀን እንኳ 'አንቺስ?' ብትለኝ ኖሮ" አለች፣ "ምናልባት ራሴው ቀጥ ይበል እል ነበር።"

"እንግዲህ አሁን ጠየቅኩሽ።"

"አሁንማ መጋዜም እጄ ላይ የለም።"

ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ፣ ሳይዞር፣ "ማሽላው በሚያዝያ ይዘራል፣ ዘኪያ። እኔን አይጠብቀኝም" አለና ወጣ። ወተቱ ሳይጠጣ አደረ።

ጠዋት ግርማጽዮን ዳሌዋን በአልኮል ሊያጥብ ሲመጣ፣ ዘኪያን ተደግፋ አልጋው ጠርዝ ላይ በግማሽ ጎኗ ተቀምጣ አገኛት።

"ተኚ እንጂ።"

"ሐኪሙን ጥራልኝ። ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ታጥፎ ይሁን።"

ግርማጽዮን ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንገቱን አከከ።

"ሓፍተይ፣ አስበሽዋል? ባልሽ እኮ—"

"አስቤዋለሁ።"

"መሬት መድረስ የለም። ስግደቱስ?"

"ቀጥ ቢልም ግንባሬ መሬት አይነካም። ለታመመ ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዷል።"

"በጀርባሽ ተዘርግተሽ መተኛት የለም። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስትሞቺ እንኳ ከፈኑ ቀጥ አያደርግሽም።"

"ጉድጓዱን ሰፋ ያድርጉልኛ" አለች።

ሐኪሙ መጣ። ግርማጽዮን ነገሩን ሲነግረው ቅንድቡን ሰቅሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ባሏ ያውቃል ወይ ነው የሚለው።"

"እግሩ የማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

ግርማጽዮን አመነታ። ከዚያ አስተረጎመ፤ እንዳለችው ይሁን ወይስ አለስልሶት አላወቀችም። ሐኪሙ ግን በመጀመሪያው ቀን ራጂውን ያየውን ያህል ትኩር ብሎ አያት። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ካርዱ ላይ የነበረችውን ቃል ሰረዘና ከጎኗ ሌላ ጻፈ። ከዚያ ወንበር አስመጣ። ሁለቱ ወንዶች ደግፈው አስቀመጧት፤ ሐኪሙ እግሯን ይዞ፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረገ፣ የምትቀመጥበትን ልክ ፈለገ። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመባት።

"እዚህ ጋ" አለች፣ ላብ በአገጯ እየወረደ። "እዚህ ጋ ይሁን።"

ሐኪሙ ልኩን ጽፎ ሲወጣ ዘኪያ የነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ተርትራ ረዘም ያለ ቅዳጅ ቀደደች።

"አንዱን ጫፍ መሬት አስነካልኝ" አለችው ግርማጽዮንን። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲይዝላት ሌላውን ጫፍ ወደ ወንበሩ መቀመጫ ሳበችና ልኩ ላይ ቋጠረችው።

ይማም የደረሰው መልሰው ሊያስተኟት ሲያነሷት ነው። የግርማጽዮንን ፊት አይቶ ነገሩን ያወቀ ይመስላል።

"መረጥሽ?"

"መረጥኩ።"

"እንግዲያ እኔ ብቻዬን ነው የምሄደው።"

"አውቃለሁ።"

"ጀሶው እስኪፈታ ልጠብቅ እችል ነበር። ዝናቡ ግን..."

"አውቃለሁ ይማም። ለዙሀራ ንገራት፤ እስክነሳ ትቀመጥበት፤ ግንቦት ላይ ቦታዬን እፈልገዋለሁ። የሰጠኸው አንተ ነህ፣ የምትነግራትም አንተ ነህ።"

ይማም ራሱን ነቀነቀ። አልጋ የሚገፉት ሁለት ሠራተኞች መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ዘኪያ የተቋጠረውን የነጠላ ቅዳጅ ዘረጋችለት።

"በርጩማ ከእንግዲህ ዝቅ ይልብኛል። ከመሄድህ በፊት ይህን ለአናጢው ስጥልኝ። ቁመቱ ከጫፉ እስከ ቋጠሮው ነው።"

ተቀበላት። ጣቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠመጠመው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ለምን አግዳሚ ወንበር አላሠራልሽም?" አለ። "ሰፋ ያለ። ሌላ ሰውም ጎንሽ የሚያስቀምጥ።"

ሠራተኞቹ አልጋውን መግፋት ጀመሩ። ዘኪያ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቆመቻቸው፤ አሰበችበት።

"አይ" አለችው። "ለአንድ ሰው የሚሆን ይበቃኛል።"