ሳይቆፈሩ የቀሩ ስድስት ሥሮች

በሞንታና ምድር እንደ እኔ ከሚበር መኪና ላይ አጥርቶ የሚያይ ሰው አልተፈጠረም። አምና በግንቦት በሰዓት መቶ አርባ እየከነፍኩ (ክላሪስ ያቺ መኪና ስልሳም አትሄድም ትላለች፤ ንቀት ነው) ከመንገዱ በላይ አንድ ሙሉ ኮረብታ ሮዝ ለብሶ አየሁ። መራራ ሥር! ያ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚፈካው፣ ሥሩን እናቶቻችን ዓለም ሳይፈጠር ጀምሮ ሲበሉት የኖሩት አበባ። ወዲያው ለመንደሩ ሁሉ አወጅኩ። "እግር ማሳረፊያ የለም፤ አንዱ ሥር የሕፃን ክንድ ያህላል" አልኩ። ማንም አላመነኝም። ያመኑኝ አክስቴ ፊሎሜን ብቻ ናቸው።

እሳቸውም ወደው አይደለም። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ሥር ነቅለው የሚጸልዩት እሳቸው ናቸው፤ ያ ጸሎት ሳይደርስ፣ በተከታዩ እሑድ የሚደረገውም የሥሩ ግብዣ ሳይበላ፣ ማንም ሴት መቆፈሪያዋን መሬት አታስነካም። ዘንድሮ ይህን ሥራ ለልጅ ልጃቸው ለክላሪስ ሊያወርሱ ቆርጠዋል። እናታቸው የቆፈሩበት ሜዳ ግን ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። መሬት የሌለው ውርስ ደግሞ ምን ውርስ ነው?

ስለዚህ በሚያዝያ መጨረሻ ሦስታችን ወጣን። አበባው ሳይፈነዳ መድረስ አለብን፤ ከፈነዳ ልጡ ከሥሩ ጋር ይጣበቃል፣ ምሬቱም አይቻልም።

"ይኸው!" አልኩ በአሪቲው ቁጥቋጦ መሀል እጄን ዘርግቼ። መሬቱ ሁሉ እንደ ትራስ በተነፋ አረንጓዴ ተሸፍኗል።

አክስቴ ተንበርክከው ዳሰሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን አልደከመም።

"ኤኒያስ።"

"አቤት አክስቴ።"

"የመራራ ሥር ቅጠል ምን ይመስላል?"

"ወፍራም ነው፤ ውሃ የቋጠረ።"

"ይሄስ?"

ዳሰስኩት። ደረቅ ነው፤ ይወጋል። ፍሎክስ የሚሉት፣ እሱም ሮዝ የሚያብብ፣ ለሆድ ግን የማይሆን የድንጋይ ጌጥ ነበር።

"አጎቴ፣" አለች ክላሪስ፣ "ይሄን ልታስግጠን ነው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያመጣኸን?"

"ከሩቅ ሲታዩ እኮ ወንድማማች ናቸው።"

"አንተና እውነትም እንደዚያው የሩቅ ዘመድ ናችሁ" አሉ አክስቴ። "አትጠያየቁም እንጂ።"

በሕይወቴ ያፈርኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። አክስቴ ግን አልተነሱም። በጉልበታቸው እየዳሁ ሽቅብ ወጡ፤ ቁጥቋጦው አልቆ፣ ሣሩም ተስፋ ቆርጦ፣ ነጭ ጠጠር ብቻ የቀረበት ጫፍ ደረሱ። "መራራ ሥር ሌላው የናቀውን መሬት ነው የሚይዘው" አሉ እያለከለኩ።

እዚያ ሰባት አገኘን። ሰባት። የእያንዳንዱ ቅጠል ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

አንዱን ክላሪስ ቆፈረች፤ የአክስቴ እጅ በእጇ ላይ ነበር። ልጡ እንደ ጓንት ወለቀ። አክስቴ ነጩን ሥር ሰንጥቀው ቀይዋን ልብ አወጡ፤ ምሬቱ ያለው እሷ ላይ ነው። ወደ ጉድጓዱ መልሰው አፈር አለበሷት። ከዚያ ጸለዩ። እኔም ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

"ለግብዣው አንድ ይበቃል። ስድስቱ ዘር ይጣሉ። መሬትሽ ይሄ ነው" አሏት።

"በስድስት?"

"እናቴስ በስንት እንደጀመረች ማን ነገረሽ?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ አፍህን ያዝ። ሰው ከሰማ ከግብዣው ማግሥት አንዱም አይተርፍም።"

ያዝኩ። እሑድ ግብዣው በሚሰናዳበት በመንደሩ አዳራሽ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ሥጋና ድንች በሚቆራርጡት ሴቶች መሀል ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ። ስሕተቱ ይሄ ነበር። ኦክታቭ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ሲኒውን አስቀመጠ።

"ጉድ ነው! ኤኒያስ ዝም አለ። የሆነ ነገር አግኝቷል!"

ሴቶቹ ቢላቸውን ትተው አዩኝ።

"ጫማው ሥር ነጭ ጠጠር ተሰክቶ አይቻለሁ" አለ ኦክታቭ። "ኮረብታውን የማገኘው ይመስለኛል። ነገ መቆፈሪያችንን ይዘን ነው!"

የክላሪስ ፊት አመድ መሰለ። አላገኘንም እንዳልል ሥሯ ሳህን ላይ አለች። ስድስት ናቸው ብል ለስድስቱም ይሄዳሉ። ስለዚህ ብድግ አልኩ።

"እሺ፣ ከወገን አይደበቅም! አርባ ሺህ ናቸው። አንዱ ሥር የፈረስ ጭን ያህላል! ይቺን ቁራጭ ለመንቀል መኪናዬን በሰንሰለት አስሬ ጎተትኩ። ሁለት ድብ ዘበኛ ቆመዋል፤ አንዱ በስሜ ጠርቶ ሰላም አለኝ።"

ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እግዜር ይይልህ! ከማን ጓሮ ነቅለህ ነው?" አለ ኦክታቭ፤ ሲኒውን መልሶ አነሳ። ሴቶቹ ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

ሰው የምናገረውን ሲስቅበት ዕድሜ ልኬን ይከነክነኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቁ እንዳያልቅ ሦስተኛ ድብ ጨመርኩ።

ምግቡ ሲቀርብ አክስቴ አንዷን ሥር እንደ ክር ሰነጣጠቋት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የጥፍር ያህል ደረሰው። የመጨረሻዋን በክላሪስ አፍ አኖሩ።

"ሳትቆፍሪ ስንት ዓመት ትቆያለሽ?" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እስኪበዙ።"

"ሲበዙ እኔ የለሁም።"

"አውቃለሁ፣ አያቴ።"

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ማኘካቸው ተመለሱ።