የሙሽራዋ መኪና ዝገት

ደባልቄ መኪናዋን ከአዲስ አበባ ሲያመጣት ዝናብ እንዳይነካት ደመና ባየበት ከተማ ሁሉ እያደረ ነው አሶሳ የደረሰው። ነጭ ናት፤ አዲስ ናት። ወንበሮቿ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ አለ፤ የበሮቿ የታችኛው ጠርዝም እንደዚያው በላስቲክ ተለብጧል። ደባልቄ አንዱንም አልላጠም። እኛ ሰፈር ላስቲኩ እስካልተላጠ ድረስ ማንኛውም ዕቃ አዲስ ነው፤ ቴሌቪዥንም ይሁን ሶፋ።

ደባልቄ ግን በዚህ አላበቃም። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነውና ለእሱ ንብረት ማለት የማይነካ ነገር ነው። አንድ እሑድ ጎንበስ ብሎ ሲያያት ከበሮቿ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኘ። «ፋብሪካው ረስቷቸው ነው» አለና አቧራ እንዳይገባ በሲሊኮን ደፈናቸው። ከዚያ በላይዋ ላይ የእህል ክምር የሚሸፍን የሚያህል ወፍራም ሸራ አልብሶ፣ ገመዱን ከሆዷ ሥር አሳልፎ እንደ ጭነት ጠፈራት።

ሚስቱ ሸዋሉል የኬሚስትሪ መምህርት ናት። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ደርቃ ተኝታለች ተብሎ ሲታሰብ፣ ሸዋሉል ዝናቡ ከጎን እየገረፋት በባጃጅ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች።

«ሸራው ሥር ላብ አለ» አለችው አንድ ጠዋት፣ ጫማዋን እያራገፈች። «ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ተዘግቶበት ሲከርም ምን እንደሚሆን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ያውቁታል።»

«ሸዋዬ፣ እዚህ ቤት ጥቁር ሰሌዳ የለም።»

«ዝገትም ሰሌዳ አይፈልግም።»

«አዲስ መኪና ይዝጋል? የሚዝገው አሮጌ ነው! ጊዮርጊስን፣ አንቺ መኪና ስትሞቅ አትወጂም።»

ነገሩ በዚህ ቀረ፤ መኪናዋም ሸራው ሥር አንድ ክረምት ከርማ ዓመት ሞላት። ሐምሌ ሲገባ የጎረቤታችን የሐጂ ሱለይማን ልጅ የዋፋ ሠርግ ደረሰ። ሠርግ በዚህ ዝናብ የሚደገሰው ሙሽራው ጎረቤት ወረዳ ሆሞሻ የሚያስተምር መምህር ስለሆነና ዕረፍት የሚያገኘው ክረምት ብቻ ስለሆነ ነው። ሐጂ ሱለይማን ከጎረቤቶቹ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሙሽራዋ በምን እንደምትሄድ ሲማከር፣ ባለሱቁ ኢዘዲን «የኔን ውሰዱ» አለ። የኢዘዲን መኪና የደባልቄ መኪና መንትያ ናት፤ በአንድ ሰሞን ነው የተገዙት። ልዩነቱ፣ የኢዘዲኗ በየገበያው ሽንኩርት ተሸክማ ሆሞሻ ስትመላለስ የኖረች መሆኗ ነው።

ደባልቄ ሳቀ። ዝም ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

«ኢዘዲን፣ ሙሽራ በሽንኩርት መኪና? ሐጂ፣ የኔ እያለችልዎ! ላስቲኳ እንኳ አልተላጠም!»

ሐጂ ሱለይማን ኢዘዲንን አየው፤ ደባልቄን አየው። «ኢዘዲን፣ ሹክረን። ልጄ በአዲሷ ትሄዳለች። ደባልቄ፣ ቃል ነው?»

«ቃል ነው!»

«ሰው ሰምቷል።»

«ይስማ!»

ኢዘዲን ሻዩን ጨርሶ ተነሣ። ብርጭቆውን ያስቀመጠው ከወትሮው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደባልቄ ሸራውን ፈታ። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ሐውልት የሚመረቅ ይመስላል። ሸራው ሲነሣ መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ ሳይደርቅ ታጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስ የሚሸተው ዓይነት። ደባልቄ ሽታውን እንዳላየ አልፎ፣ ለሠርጉ ክብር ሲል የበሩን ላስቲክ በገዛ እጁ ሊልጥ ተንበረከከ። ጫፉን ያዘ። ቀስ አድርጎ ሳበ።

ላስቲኩ ቀለሙን ይዞ መጣ።

ከሥሩ ያለው ብረት ቡናማ ነው፤ ሻካራ ነው፤ እንደ ደረቀ ቁስል ይቀረፈፋል። ደባልቄ ወደ ሁለተኛው በር ዞረ፤ እሱም ያው። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ጠርዙ ላይ አብጦ አብጦ ወጥቷል። ጣቱን ጫን ሲያደርግበት ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ።

«ዓይን ነው» አለ አንዱ።

«አይ፣ የማንጎው ወተት ይሆናል፤ ዛፉ እኮ በላይዋ ነው።»

«አዲስ መኪና ድሮ ነው። የዛሬ ቆርቆሮ ምን ብረት ይባላል?»

ኢዘዲንም መጣ፤ አየ፤ ምንም ሳይናገር ሄደ። ደባልቄን የጎዳው ይህኛው ነው።

ሸዋሉል አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ዓይንም አይደለም፣ ማንጎም አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ ሸራው ሥር ያለው ይሞቃል፤ ላቡ ይወጣና መሄጃ ያጣል። ላስቲኩ ሥር የገባው ውሃ ደግሞ እዚያው ይከርማል። ፓራፋንጎው ውስጥ ከመንገድ ያመጣኸውን ቀይ ጭቃ አላጠብከውም፤ እርጥብ ጨርቅ እንደታሰረበት ቁጠረው። የኢዘዲኗ ትታጠባለች፣ ትሄዳለች፣ ንፋስ ይመታታል፤ ስለዚህ ትደርቃለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሸዋሉል ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ከውስጥ ድስት ሲጋጭ ተሰማ።

የባምባሲው ዲሳሳ ተጠራ። ዲሳሳ የመኪና አካል ቀጥቃጭና ቀለም ቀቢ ነው፤ ወሬ ይወዳል፤ ሥራውንም ወሬውንም እኩል አያቆምም። በሩን አንኳኳ፤ ጆሮውን ጣል አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ዳሰሰ።

«እዚህ የነበረው ቀዳዳ የት ሄደ?»

«ደፈንኩት» አለ ደባልቄ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ዲሳሳ ሲሊኮኑን በመፍቻ ጫፍ ነቅሎ ጣለው። ከበሩ ሆድ ውሃ ተንዶልዱሎ ወረደ። ዝገት የተቀላቀለበት፣ የጠነዛ ውሃ ነው፤ ወርዶ ወርዶ አላልቅ አለ።

«ያ ዋቃ! ደባልቄ፣ ይሄ እኮ የዘንድሮ ዝናብ አይደለም! ዓሣ ብትጨምርበት ይሄኔ ጠብሰን እንበላ ነበር!»

«አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው...»

«ውሃ በመስታወቱ ጎን ይገባል፤ በዚህ ይወጣል። አንተ ግን መግቢያውን ትተህ መውጫውን ዘጋህ።»

ደባልቄ የሰማውን ሁሉ ትቶ ዋናውን ጠየቀ። «ለሠርጉ ይደርሳል?»

«አይደርስም። መጀመሪያ ያበጠውን እፍቃለሁ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን። ከዚያ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያውን፣ እቀባለሁ። ከዚያ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልቼ፣ አለስልሼ፣ ነጩን እረጫለሁ። አንቲረስቱ ጣራ ሥር ይደርቅልኛል። ነጩ ግን ደረቅ ቀን ይፈልጋል። በዚህ እርጥበት ብረጨው እንደ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ይላጣል።»

«እንዲያው ዝገቱ ላይ ነጭ ለቅልቅልኝ! ለአንድ ቀን!»

«ቁስል ላይ ነጠላ አላለብስም። ከሥር ይበላል፤ በኋላ ሰው ‹የዲሳሳ ሥራ› ይላል።»

እንደተናገረው ፋቀ፤ አንቲረስቱንም ቀባ። የነበረው ደግሞ ቀዩ ዓይነት ነው፤ ወደ ቡናማ የሚያደላው። ሲጨርስ ነጯ መኪና በየበሩና በየጎማው ዙሪያ ቀያይ ነገር ያለባት ቡሬ ጊደር መሰለች። ደባልቄ ዙሪያዋን ዞረ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ።

ሁለት መንገድ ቀርቶታል። አንደኛው ኢዘዲን ዘንድ ሄዶ የሽንኩርቷን መኪና መለመን ነው። ሄደ። ሱቁ በር ላይ ደርሶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ምን ልስጥህ?» አለ ኢዘዲን።

«ክብሪት» አለ ደባልቄ።

ክብሪቱን ይዞ ተመለሰ። የቀረው ሐጂ ሱለይማን ዘንድ ሄዶ ቃሉን ማጠፍ ነው።

በሠርጉ ዋዜማ ቀትር ላይ መኪናዋን እየነዳ የሐጂ ደጃፍ አቆማት። ሰው በዓይኑ ካላየ ያምነኛል ብሎ አልተማመነም። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል፤ የዋፋ አክስት ኢንቲሳር የሙሽራዋን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ሒና እየሳለችላት ነው። ሸዋሉልም እዚያው ነበረች፤ ባሏ ሲገባ አንገቷን ደፋች።

«ሐጂ፣ መኪናዋ... ታማብኛለች።»

ሐጂ ሱለይማን ወጥቶ አየ። ጢሙን ያዘ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ደባልቄ፣ እኔ በሰው ፊት ኢዘዲንን እንቢ ብዬዋለሁ። አሁን ምን ብዬ እሄዳለሁ? ልጄ በእግሯ ትሂድ?»

ዋፋ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ ብድግ ስትል ኢንቲሳር «ተቀመጪ፣ አልደረቀም!» ብላ ተቆጣቻትና እሷ ራሷ የሒናውን መሣያ ላስቲክ እንደያዘች ወጣች። መኪናዋን አየች። ቀረበች። ቀዩን በጥፍሯ ነካ አደረገች፤ አልለቀቀም።

«ይሄ ማን ነው የሠራው?»

«ዲሳሳ ነው» አለ ደባልቄ። «የዝገት መድኃኒት ነው።»

«ጀምሮ ተወው? ሒና ጀምሮ ይተዋል? ነውር ነው!»

«ሒና አይደለም፣ እኅቴ...»

«ቀለሙ ሒና ነው። ጠርዙ ላይ ጀመረ፣ መሐሉ ላይ ቀረ። እኔ እጨርሳለሁ። የቀለሙን ቆርቆሮ አምጣ።»

ደባልቄ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በሩን በጀርባው ከለለ። «መኪናዬ ላይ? ደህናው ነጭ ላይ? እኅቴ፣ እኔ እኮ በጨርቅ እንኳ ጠንከር አድርጌ ጠርጌያት አላውቅም!»

ሐጂ ሱለይማን «ቃል ነበር» አለ፣ በቀስታ።

ደባልቄ በሩን አየ፤ ሐጂን አየ፤ በግቢው በር አንገቷን ያወጣችውን ዋፋን አየ። ከበሩ ተነሥቶ ዓይኑን ጨፈነ። «ይሣል። ኮፈኗን ብቻ...»

«ኸላስ! ሒና የሚቀባ ሰው አያወራም።»

ዲሳሳ አንቲረስቱን ይዞ እየሳቀ መጣ። ኢንቲሳር ከላስቲክ ሾጣጣ ጠቅልላ፣ ቀዩን ሞልታ፣ ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ ጀመረች። ከበሩ ጠርዝ ቁስል ሐረግ አወጣች፤ ሐረጉ ወደ መያዣው ወጣ፤ ቅጠል አበቀለ። ፓራፋንጎው ላይ ያለው ዥጉርጉር የአበባ ዘለላ ሆነ። ሒናዋ ደርቆ እጇን ያስፈታች ሴት ሁሉ አንዳንድ ጠብታ ጨመረች። ሸዋሉልም የነዳጁ ክዳን ላይ አንድ የተጣመመ ቅጠል ሣለች። ደባልቄ ሙሉ ጊዜውን ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ «ኮፈኗ ደህና ናት?» ይላል።

ደህና አልነበረችም። ኮፈኗ ላይ የተሣለው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

በማግሥቱ ሰልፉ ወደ ሆሞሻ ሲወጣ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ሞላ። እልልታው የዝናቡን ድምፅ ዋጠው። ዋፋ እጇን በመስኮት አውጥታ በሩ ላይ ጣል ስታደርገው፣ የእጇ ሐረግ የት አልቆ የበሩ የት እንደጀመረ አይለይም ነበር። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አነሣ። ሐጂ ሱለይማን «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ መኪና አሶሳ አልታየም» አለ በሰው ፊት፣ ደባልቄን ትከሻውን ይዞ። ደባልቄ ሆሞሻ ሳይደርስ «አስቤበት ነው» ማለት ጀምሯል።

መመለሻው ላይ ቁልፉን ሸዋሉል ተቀበለችው። «ሙሽራ ካደረሰች በኋላ አዲስ መኪና አትባልም» አለችው።

ከሳምንት በኋላ ኢዘዲን ደባልቄ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ጳጉሜን ላይ ወንድሙን ይድራል። መኪናውን ይዞ ኢንቲሳር ዘንድ ሄዶ ነበር፤ እሷ ግን ዙሪያዋን አይታ «ይሄ ደህና ነው፤ ምኑን ልጨርሰው?» ብላ መልሳዋለች።

ኢዘዲን ወዲያ ወዲህ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ደባልቄ... እንዴት አድርገህ ነው ያዛግካት?»

ደባልቄ በንብረት ክፍል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ደረቱን ነፋ። «ኢዘዲን፣ ዝገት እንዲህ በአንድ ሳምንት የሚመጣ መሰለህ? ፍቅር ይጠይቃል። በመጀመሪያ ከበሩ ሥር...»

ከኋላቸው ጥሩምባ ጮኸ። ሸዋሉል መኪናዋን አስነሥታ ወደ ኋላ እየወጣች ነው፤ ሐረጉ በጭቃ ተረጭቷል፤ መስኮቶቹ ተከፍተዋል።

«ትምህርቱን ዳር ይዛችሁ ቀጥሉ!» አለች። «መንገድ ልቀቁ፣ ንፋስ ላስመታት ነው።»