በአንድ ምስል የታጨቁ ቁልፎች

ኢንጂነሩ ምህንድስና አልተማረም። ስሙን ያወጡለት እህቱ ሱቅ የሚመላለሱት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ እሱም ተቃውሞ አላሰማም። እህቱ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ትሸጣለች። እሱ ከዚፖቹ መደርደሪያ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለችው። የሱቁን ድረ ገጽ የሠራውም፣ የሚንከባከበውም፣ በዘገየ ቁጥር ኔትወርኩን የሚሰድበውም እሱ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ግን ስድቡ አላዳነውም።

«ስማ፣» አለችው እህቱ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። «የሙሽራ ልብስ ሰፊዋ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ገጻችሁ እስኪከፈት ሙሽራዋ ትወልዳለች።›»

«ቀልዷን ነው፣ እታለም።»

«ቀልዳ ስታበቃ ከሌላ ሱቅ ገዛች። ዛሬ ትመጣለች። ዛሬም ካልተከፈተላት ገጹን ለባሌ የአክስት ልጅ እሰጠዋለሁ። ጠረጴዛህ ላይም የዚፕ ካርቶን እደረድርበታለሁ።»

የባሏ የአክስት ልጅ ከእንቅልፉ ሲነሳም «ሶሉሽን» የሚል ሰው ነው። ገጹን ቢወስድ ይውሰድ። ጠረጴዛዋን ግን አይሰጥም። የመቀሱን ድምፅና የሴቶቹን ወሬ ትቶ የት ሄዶ ይሠራል?

ደግነቱ ባዶ እጁን አልነበረም። ትናንት ከሰዓት ሰርቨሩ ላይ አዲሱን ፕሮቶኮል አስጀምሮ ነበር።

«ፕሮቶኮል ማለት ስልኩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው፣» ሲል አስረዳት። «በድሮው ምስሎቹ ተሰልፈው ነው የሚመጡት፤ የፊተኛው ካልጨረሰ የኋለኛው ንቅንቅ የለም። በአዲሱ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ። አንዱ መንገድ ላይ ቢወድቅ ሌሎቹ ቆመው አይጠብቁትም።»

«ጥሩ ጠባይ አይደለም፣» አለች እህቱ። «ግን ይፍጠን እንጂ።»

ሰፊዋ ኮሌታዋ ላይ መርፌ እንደሰካች ገባች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ገጹን ነካችው። ትንሿ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች። አሁንም ተሽከረከረች።

«ኢንጂነር፣» አለች ሰፊዋ፣ «ይቺ የምትሽከረከረዋም ቁልፍ ናት? ዋጋዋ ስንት ነው?»

«ኔትወርኩ ነው…»

«ኔትወርኩማ አማን ነው። ልጄ አሁን የላከችልኝ ፎቶ ወዲያው ነው የተከፈተው።»

እህቱ እሱን አላየችውም። ጠረጴዛዋን አየቻት።

ኢንጂነሩ የሚያይበት ቢያጣ ወደ ግድግዳው ቀና አለ። እዚያ፣ በፍሬም ውስጥ፣ የሱቁ ቁልፎች በሙሉ በአንድ ትልቅ ምስል ታጭቀው ተሰቅለዋል። የሱ ሥራ ናት። በድሮው ፕሮቶኮል ጊዜ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ሰልፍ ከሚይዝ ብሎ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቆ አንዱ ለሁሉም እንዲሰለፍ አደረገ። ያኔ ገጹ ፈጥኖ ጉድ ተባለ። እህቱም አሳትማ ሰቀለችው፤ ለገባ ሁሉ «ወንድሜ ነው የሠራው» እያለች። አዲስ ቁልፍ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ገጹ ላይ ባለችው በዚያችው ምስል ላይ ይለጥፋል።

ጆሮው ጋለ።

«እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ ተሰቅሎልሻል።»

«ፍሬሙ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ያኔ ልክ ነበር። አሁን መንገዱ ሰፍቶ እኔ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ጠቅጥቄ ነው የምልከው። አንዲት ቁልፍ በጨመርኩ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ደንበኛ ስልክ ጆንያውን እንደ አዲስ ይሸከማል።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«እና ፍታዋ!» አለች ሰፊዋ።

ፈታው። ደግነቱ የቁልፎቹን ነጠላ ምስሎች አልጣላቸውም ነበር። አንድ በአንድ በየቦታቸው ሲመልሳቸው፣ ሴቶቹ ገበር እያማረጡ ስለ ሙሽራዋ እናት አወሩ። ሥራውን ሲጨርስ ስለ ሙሽራዋ እናት ከሚገባው በላይ አውቆ ነበር።

«እስቲ አሁን ሞክሪው፣» አላት ሰፊዋን።

ሰፊዋ ነካችው። ቁልፎቹ እዚህም እዚያም ዱብ ዱብ አሉ፤ ሉል የሚመስለው፣ ጥቁሩ፣ በጨርቅ የተለበጠው። መሐል ላይ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ።

«ይቺ ምን ሆነች?»

«መንገድ ላይ ወድቃ ነው። ትመጣለች።»

ሳይጨርስ መጣች፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ዳርዳሯ የተፈለፈለ። ሰፊዋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየቻት።

«እሷን ስጪኝ፣» አለች። «ሙሽራ መሆኗ ያስታውቃል፤ አርፍዳ ነው የገባችው።»

ሰፊዋ ስትሄድ ኢንጂነሩ ወንበር ላይ ቆሞ ፍሬሙን ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ተወው!» አለች እህቱ።

«ስህተት እኮ ነው፣ እታለም።»

«ግድግዳው ላይ ቶሎ ይከፈታል።»

የዚፑን ካርቶን ግን አመጣችው። አንዴ ተናግራለችና ቃሏን መብላት አትወድም። ከጠረጴዛዋ ላይ ሳይሆን ከሥሯ ገፋ አድርጋ አስገባችው። ኢንጂነሩም እግሩን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ ሲያየው፣ ቁመቱ ልክክ ያለ ነበር።