አፈሙዝ የፈታው ትዳር

ብርሀንነሽ ጀብሪልን ካገባች ወዲህ ማተቧን አልበጠሰችም፤ እሱም አንድ ቀን ስገጂ ብሏት አያውቅም። እሷ ስትጾም እሱ ወተት ከፊቷ አያስቀርብም፤ በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያውን የምታሰናዳው እሷ ናት። ጀብሪል በመካነ ሰላም ገበያ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ኒካሁን ያሰሩላቸው ሸህ አራጌ፣ «የመጽሐፍ ባለቤት የሆነች ክርስቲያን ሴት ለሙስሊም ተፈቅዳለች፤ ሃይማኖቷን ግን በግድ እንዳትነካባት» ብለው መርቀዋቸዋል። ጋብቻው ያልተዋጠለት ታላቅ ወንድሟ አምባቸው ነበር።

በስድሳ ስድስት ዝናቡ ከዳ። በማሻ ገጠር ያለው የአምባቸው ማሳ ዘሩን እንኳ አልመለሰም፤ በሬዎቹ አለቁ፤ እናታቸው ወይዘሮ አልታዬ ከመደብ መነሳት አቃታቸው። በዚህ መሀል ጉድጓድ ሙሉ እህል ያለው አሻግሬ የሚባል ባላባት፣ «እህትህን አፋተህ ከዳርክልኝ ቤትህን እስከ መኸር እቀልባለሁ» አለው።

አንድ ጧት ጀብሪል ሱቁን ሲከፍት አምባቸው ምንሽሩን ይዞ ከች አለ። አፈሙዙን ደረቱ ላይ ደግኖ፣

«ፍታት! ሦስት ጊዜ በል!» አለው።

ጀብሪል ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የወንድሟ ጣት ምላጩ ላይ ሲጠብቅ ያየችው ከሱቁ ጓዳ የወጣችው ብርሀንነሽ ናት።

«ፈትቻታለሁ በለው ጀብሪል! ስለ ፈጠረህ በለው!» ብላ ጮኸች።

ዓይን ዓይኗን እያየ «ፈትቻታለሁ» አለ፤ ደገመው፤ በሦስተኛው ድምፁ ሰለለ። አምባቸው እህቱን እየነዳ ወሰዳት።

አገር ቤት እንደደረሱ አምባቸው አሻግሬን ሊጠራ ወጣ። ወይዘሮ አልታዬ ልጃቸውን ወደ መደቡ ጠርተው እጇን ያዙ።

«በረሀብ ብሞት ሞቴ ነው፤ አንቺን በልቼ አልድንም። ሂጂ ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

እግራቸውን ስማ እያለቀሰች ወጣች።

መካነ ሰላም ስትደርስ ጀብሪል ከደጃፉ ላይ ቆሞ እንባው ወረደ፤ እጁን ግን አልዘረጋላትም።

«ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ብርሀንነሽ። ፍቺው ጸንቶ አብረን መኖራችን ሐራም ከሆነ ሁለታችንንም ያጠፋናል። ሸሁን እስክንጠይቅ ከጎረቤት እደሪ።»

ከፋት፤ ግን አላህን ፈርቶ እንጂ እሷን ጠልቶ እንዳልሆነ ታውቃለች። በማግስቱ ሸህ አራጌ ዘንድ ሄዱ። ሸሁ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ የተማርኩት ከሸሪዓው የሕግ ትምህርቶች ሐነፊን ነው። በሐነፊ ተገዶም ቢሆን በአፉ ከፈታ ፍቺው ይጸናል። ሻፊዒ በሚባለው በሌላው ትምህርት ግን የተገደደ ሰው ፍቺ ፍቺ አይደለም። ለእናንተ ስል ኪታቤን አላጣምም፤ እንዲህ ስላልኩም መንገድ አልዘጋባችሁም። ደጎሎ ከተማ ታላቅ የሻፊዒ ዓሊም አሉ። እሳቸው የሚሉትን እኔም እቀበላለሁ።»

ይህን ብለው የራሳቸውን በቅሎ ለብርሀንነሽ አስጫኑላት።

ደጎሎ ሲገቡ ሰዉ ራዲዮ ከቦ «ጃንሆይ ወረዱ!» ይላል። አገር ሲገለበጥ ብርሀንነሽ የምታስበው ስለ ራሷ ፍርድ ነበር። ሽማግሌው ዓሊም ጀብሪልን አዳምጠው ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ? ያን ቃል የተናገረው ማን ነበር?»

«አፉ የሱ ነው፣ አባቴ። ቃሉ ግን የጠብመንጃው ነው። በለው ያልኩትም እኔው ነኝ፤ እንዳይሞትብኝ።»

ዓሊሙ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው ጠብመንጃው የፈታው የራሱን ሚስት ነው። አንቺ የጀብሪል ነሽ፤ አልተፈታሽም። በሰላም ግቡ።»

ጀብሪል ግንባሩን መሬት አስነክቶ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ብርሀንነሽ አማተበች።

ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ ጀብሪል ሳትጠይቀው በአህያ ገብስ ጭኖ ለአማቱ ላከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አምባቸው ራሱ መጣ፤ አሻግሬ እህሉን ስለከለከለው አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ከበሩ ማዶ ቆሞ፣

«እናታችን ተነሥታ ተቀመጠች። በድዬሃለሁ፣ አውፍ በለኝ» አለ።

«እኔ አውፍ ብያለሁ፤ እሷን ጠይቃት» አለው ጀብሪል።

የብርሀንነሽ ልብ ገና አልጠገገም። እንጀራ አቅርባ፣ «ብላ መጀመሪያ፤ ሌላውን ቀስ እያልን እናወራለን» አለችው።

እሑድ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ስለ እናቷ ነፍስ መትረፍ አመሰገነች፤ ቀጥላም፣ «እመቤቴ፣ ለሸህ አራጌና ለደጎሎው አባት ዕድሜ ስጪልኝ» አለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየቻት፤ እሷ ግን ደግማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለችው።